ከደንገሉ በላይ የሚዞሩ አሞራዎች

የልጅ ልጄ ሜሮን ባለፈው እሑድ እጄን ይዛ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወሰደችኝ። የምኖረው ቱላ ነው፤ ከዚያ ሐይቁ ዳር ለመድረስ ሩቅ አይደለም። ግን ስንት ዓመት ሙሉ ሰበብ ሳበዛ ኖሬአለሁ፤ አንዴ ጉልበቴ፣ አንዴ ፀሐዩ፣ አንዴ ዝናቡ። ያን እሑድ ሰበብ አለቀብኝና ነጠላዬን አጣፍቼ ተከተልኳት።

በሩ ላይ ትኬት ቆርጠን ገባን። ድሮ በሩም ትኬቱም አልነበረም። ጦጣዎቹ ከሾላው ወርደው የሰው ቦርሳ ይፈትሻሉ፤ ልጆች ስልካቸውን ደቅነው ፎቶ ያነሳሉ። ዓሣ የሚያጸዳ አንድ ጎረምሳ ለሜሮን ትንሽ የዓሣ ሆድቃ በፌስታል ሰጣትና "ወርውሪላቸው፣ ይመጣሉ" አላት። ወረወረች። አባ ኮዳዎቹ መጡ። እነዚያ ራሳቸው የተመለጠ፣ ጉሮሯቸው ላይ ከረጢት የተንጠለጠለባቸው፣ ቁመታቸው ሕፃን ልጅ የሚያክል ትልልቅ አሞራዎች ልክ እንደ ድሮው ሳይቸኩሉ እየተራመዱ መጡ።

ሽታው የደረሰኝ ያኔ ነው። የዓሣ ሆድቃ፣ ፀሐይ የመታው ጭቃ፣ ውኃ ውስጥ የበሰበሰ ቄጠማ። ሽታ እንደ ሰው አያረጅም። ያንኑ ያህል ሆኖ ጠበቀኝ።

"እማማ፣ ፈሩ እንዴ? ምንም አያደርጉም እኮ" አለችኝ ሜሮን።

"አውቃለሁ፣ ምንም አያደርጉም።"

"ታዲያ ምን ሆኑ?"

"ምንም አልሆንኩም። ይልቅ ለዚያኛውም ጣዪለት፤ ከኋላ ለቆመው። እሱ ምንም አልደረሰውም።"

ቤት ከገባሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ መጻፍ ግን እችላለሁ። የዚያን ዓመት ነገር የማውቀው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

የደርግ ዘመን ነበር። አሥር ዓመት ገደማ ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ከአሞራ ገደል ወደ ደቡብ፣ ከሐይቁ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ቆመን ስናይ በስተቀኝ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ የሚያስጠጉበት ይታያል፤ በስተግራ ደግሞ ደንገሉና ቄጠማው ሰው የማይገባበት ጫካ ሆኖ ውኃው ውስጥ ድረስ ይዘልቃል። እናቴ ከወላይታ በልጅነቷ የመጣች ናት። አባቴ ሞቷል። እናቴ ቄጠማ አጭዳ ገበያ ትሸጥ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ጴጥሮስ ጋራዥ ይሠራ ነበር፤ መሐለኛው ወንድሜ ማቴዎስ ዓሣ ያጠምዳል። ማቴ እንለዋለን። እኔ አስቴር ነኝ፤ እሱ አስቱ ይለኛል፤ ሰፈሩ ግን "ዳኛዋ" ነበር የሚለኝ።

ዳኛዋ ያሉኝ በቦኖው ምክንያት ነው። ውኃ የምንቀዳበት የሰፈሩ ቦኖ ላይ ተራ የሚያስከብር ሰው አልነበረም፤ እኔ አስከብር ነበር። ማንም አልሾመኝም። ከኋላ መጥታ ባልዲዋን ከፊት የምታስቀምጥ ሴት ካየሁ፣ እናቴን የምታክል እንኳ ብትሆን፣ ባልዲውን አንስቼ ወደ ቦታው እመልሰው ነበር። ሁለት ጊዜ በጥፊ ተመትቻለሁ። ባልዲው ግን ቦታው ተመልሷል።

ያን ጊዜ ሰሜን ጦርነት ነበር፤ ቀበሌ ወጣት አምጡ እየተባለ ኮታ ይወርድበታል። ሊቀመንበሩ በስብሰባ ላይ "ከአንድ ቤት አንድ ሰው" ብሎ ተናግሯል። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ ከሴቶቹ እግር ሥር ተቀምጬ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስንሰማ ጴጥሮስ እናቴን አያት፣ ማቴን አየው፤ በማግስቱ ጠዋት ቀበሌ ሄዶ ተመዘገበ። "እኔ ከሄድኩ ቤቱ ተራውን ጨረሰ፤ ማቴ ከእናንተ ጋር ይሆናል" አለን። የጋራዥ ቱታውን አጥቦ ገመድ ላይ ሰቅሎት ሄደ። እናቴ ቱታውን ለብዙ ጊዜ ከገመዱ ላይ አላወረደችውም።

ጥቂት ወራት አለፉ። ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ አሞራ ገደል ይደምቃል፤ ጾመኛው ሁሉ ዓሣ ይፈልጋል። ማቴ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ እጁ በቅርፊት አብረቅርቆ ይመለስ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን የቀበሌው ጥበቃ ላቀው ቤታችን መጥቶ እናቴን "ማቴዎስ ተጠርቷል" አላት። ላቀው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ጠመንጃው ከእሱ ይረዝም ነበር።

"ተሳስታችኋል" አለችው እናቴ። "እኛ ቤት ጴጥሮስ ሄዷል።"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ እማማ። የተባልኩትን ነው የምናገረው።"

እኔም ተሳስተው ነው ብዬ አመንኩ። ልጅ ነኝ፤ ስህተት ማለት ለእኔ እንደ ሒሳብ ስህተት ነው፤ ካሳየኸው ይታረማል። ስለዚህ ማሳየት ብቻ ነው የቀረው ብዬ በማግስቱ ቦኖው ጋ ሊቀመንበሩ ሲያልፍ መንገዱ ላይ ቆምኩበት።

"ጋሼ ሊቀመንበር፣ ጥያቄ አለኝ።"

"እሺ ዳኛዋ፣ ጠይቂ።"

"ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብለው አልነበረም?"

"ብያለሁ።"

"እኛ ቤት ጴጥሮስ ሄዷል። እርስዎ ቤት ማን ሄደ?"

ቦኖው ጋ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ሳቋ አምልጧት አፏን በነጠላዋ ያዘች። የሊቀመንበሩ ልጅ ከማቴ ጋር እኩያ ነው፤ በየቀኑ ብስክሌት እየነዳ ሰፈሩን ይዞር እንደነበር ሁሉም ያውቃል።

ሊቀመንበሩ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ ብሎ እንደ አዋቂ አናገረኝ። "ጴጥሮስ በፈቃዱ ነው የዘመተው። በፈቃዱ የሄደ ኮታ ውስጥ አይገባም። የእናንተ ቤት ገና ተራው ነው።"

"በፈቃዱ የሄደው ማቴ እንዲቀር ብሎ ነው እኮ!"

"እንግዲህ ያን ለእኔ አልነገረኝም" አለ። ከዚያ ለሴቶቹ "ይቺ ልጅ ብትማር ጠበቃ ይወጣታል" ብሏቸው አለፈ።

ባልዲዬን ሳልሞላ ተመለስኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስህተቱን አይቶ፣ ስህተት መሆኑን አውቆ፣ የማያርመው ሰው እንዳለ አወቅሁ።

ማቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት አላደረም። እናቴ "መደበቅ" የሚለውን ቃል አልተናገረችም። "ወንድምሽ ዓሣ ሊያጠምድ ሄዷል" ነው ያለችኝ። ቀጥላ "ኮታው ሞልቶ መኪናው እስኪሄድ ድረስ ነው። መኪናው ከፋሲካ በፊት ይሄዳል ብለዋል" አለች። ያን ሰሞን ቀበሌው በር ላይ አንድ ሸራ የለበሰ ኦራል መኪና ቆሞ ነበር። እሱ ከሄደ ሁሉም ነገር አለቀ ማለት ነው። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ በኩል ዞሬ አየው ነበር። ጎማው ሥር ዶሮዎች ይጭራሉ። አለ። አልሄደም።

እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ማጭዴንና ጆንያዬን ይዤ ለእናቴ ቄጠማ ላጭድ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ፤ ይህ የቆየ ሥራዬ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። አሁን ግን በጆንያው ውስጥ የበቆሎ ቂጣና በላስቲክ የተቋጠረ ዳጣ አለ። ከቄጠማው ወደ ደንገሉ የሚያስገባ ጉማሬ የከፈተው መንገድ ነበር፤ ግራና ቀኙ ከእኔ ራስ በላይ የቆመ፣ ሥሩ ጭቃ የሆነ መንገድ። በዚያ ነበር የምገባው።

ጉማሬዎቹን በጣም እፈራ ነበር። ማቴ ፍርሃቴን አይቶ "ከጎረቤት ጋር አይጣሉም። ሰላም ብለሽ ካለፍሽ ምንም አይሉሽም" አለኝ። አመንኩት። ከውኃው ጆሯቸውንና ዓይናቸውን ብቻ አውጥተው ሲያዩኝ ቆም እልና ጎንበስ ብዬ "እንደምን ዋሉ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ እትዬ" እላቸው ነበር። አንደኛው በአፍንጫው ውኃ ሲረጭ መልስ ሰጠኝ ብዬ ደስ ይለኛል። እነሱ ወንድሜን የሚጠብቁልኝ ይመስለኝ ነበር። ቀበሌ ጥበቃ አለው፣ እኛም ጥበቃ አለን እል ነበር በልቤ።

ማቴ ደንገሉን አጉብጦና አስሮ እንደ አልጋ ያለ ነገር ሠርቷል። እሳት ማንደድ አይችልም፤ ጭሱ ይታያል። ስለዚህ ያጠመደውን ቆሮሶ ዓሣ በጥሬው ነበር የሚበላው። አሞራ ገደል ላይ ዓሣ በጥሬው መብላት የተለመደ ነው፤ ማቴ ቅርፊቱን በቢላዋው ይገፍና ሥጋውን ከአጥንቱ ላጭቶ፣ ዳጣ ቀብቶ በቂጣ ይጎርሳል። ሆድቃውንና ቆዳውን ደግሞ ሳያይ ወደ ጎን ይወረውራል። ዓሣ አጥማጅ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ እጁ ራሱ ነው የሚወረውረው። አባ ኮዳዎቹም ይመጣሉ።

እዚያ ነው ማቴ ስም ያወጣላቸው። አንዱ በጣም ወፍራም ነበር፤ ሌሎቹን በምንቃሩ እየወጋ የወደቀውን ሁሉ እሱ ይውጣል። "ይሄ ሊቀመንበሩ ነው" አለኝ ማቴ። አንድ ደግሞ እግሩ የተጎዳ፣ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቆም ነበር፤ ሲደርስ ነገሩ አልቋል።

"እሱስ ማን ነው?"

"እሱማ ሰፊው ሕዝብ ነው።"

ያኔ በሬዲዮ በቀን ስንት ጊዜ ሰፊው ሕዝብ፣ ሰፊው ሕዝብ ይባል ነበር። ሁለታችንም አፋችንን ይዘን ሳቅን። ድምፅ ማሰማት ስለማንችል ሳቁ ሆዳችንን አመመን። ከዚያ በኋላ ሆድቃውን ከሁለት ከፍዬ፣ አንዱን ለሊቀመንበሩ ሩቅ ወርውሬ፣ እሱ ወደዚያ ሲሮጥ ሁለተኛውን ለሰፊው ሕዝብ እግሩ ሥር እጥልለት ነበር። በዚያ ሁዳዴ በዓለም ላይ ያስተካከልኩት ነገር ቢኖር እሱን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ማቴን "አይጨንቅህም?" አልኩት።

"ምን?"

"ብቻህን መሆን።"

"ብቻዬን የት ነኝ? ይኸው ይጠይቁኛል" አለና በአገጩ አሞራዎቹን አሳየኝ። ጺሙ እንደ ፍየል ተበታትኖ በቅሏል። ዓይኑ ቀልቷል። "አስቱ፣ መኪናው አለ?"

"አለ።"

"ዶሮዎቹስ?"

"አሉ።"

"ዶሮዎቹን ጠይቂልኝ። እነሱ ሹፌሩን ሳያውቁት አይቀሩም።"

እናቴ ወደ ደንገሉ መጥታ አታውቅም፤ እሷን ይከታተሏታል። ግን ከግቢያችን ታየው ነበር። እሱን ማለቴ አይደለም። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ዘንበል ሲል፣ ከደንገሉ በላይ አሞራዎቹ ይነሱና ክብ እየሠሩ ይዞራሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። እናቴ ያን ጊዜ ሥራዋን አቁማ ትቆማለች፤ ዓይኗን በእጇ ከልላ ታያለች። የመጨረሻው ከወረደ በኋላ "ዛሬም በልቷል" ትላለች። ከዚያ ነው እሷ ራሷ የምትቀምሰው።

ሰማዩን እኛ ብቻ የምናየው መስሎን ነበር። እናቴም፣ ማቴም፣ እኔም። ሦስታችንም ሐይቅ ዳር ኖረናል፤ አሞራ ያለ ምክንያት እንደማይሰበሰብ ሦስታችንም እናውቃለን። አንድም ቀን ግን ያን ሌላ ሰው ሊያየው ይችላል ብለን አላሰብንም። የእኛ ምልክት ነበራ። የእናቴ ምልክት ነበር።

ላቀው ሁለት ጊዜ ቤታችንን ፈተሸ። አልጋ ሥር፣ ጣሪያ ላይ፣ የእህሉ ጎተራ ውስጥ ሳይቀር። በሁለተኛው ቀን ደክሞት በርጩማ ላይ ተቀመጠና ውኃ ለመነን። እናቴ ሰጠችው።

"እማማ፣ አንድ ሰው ነው የጎደለን" አላት። "ካልሞላ እኔን ነው የሚጭኑኝ። ነግረውኛል።"

እናቴ "እግዚአብሔር ለሁላችሁም ይሁን" አለችው። እኔ ግን ጮህኩበት። "የሊቀመንበሩን ልጅ አትወስዱትም? እሱ ብስክሌት ላይ ነው፣ መፈለግ እንኳ አያስፈልገውም!"

ላቀው ኩባያውን አስቀምጦ ሳያየኝ ወጣ።

በዚያ ሳምንት የሳይንስ አስተማሪያችን ጋሼ አበራ አንድ ዜና ነገረን። ስለ ዱር እንስሳት እየተማርን ነበር። "በመጽሐፍ ብቻ አይሆንም" አለ። "ነገ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ወርደን በዓይናችን እናያለን።" ክፍሉ በደስታ ጮኸ። ጋሼ አበራ ጥሩ ሰው ነበር። በኩርኩም አይመታም፤ የራሱን ጠመኔ ለልጆች ይሰጣል። ስለ እሱ ክፉ አልጽፍም።

በማግስቱ ቂጣውን ማቴ ጋ ማድረስ አልቻልኩም። በሁለት ሰልፍ፣ እየዘመርን ወረድን። ጉማሬ ስላለ ጠመንጃ የያዘ ሰው ይሸኛችሁ ተብሎ ቀበሌው አንድ ጥበቃ ሰጠን። ላቀው ነበር። ሳየው ልመለስ አልኩ፤ ግን ሰልፍ ውስጥ ነኝ፣ ሰልፉ ይዞኝ ሄደ።

መጀመሪያ አሞራ ገደል አየን። ጋሼ አበራ ሾላው ላይ ያሉትን ጉሬዛዎች አሳየን፤ ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ቅጠል ያኝካሉ። ራሱ የነጣ ንስር ከውኃው ላይ ዓሣ መንትፎ ሲነሳ ሁላችንም "ወይኔ!" አልን። ሌላ ቀን ቢሆን ያ በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ነገር ይሆን ነበር። እኔ ግን ፀሐዩን ነበር የማየው። ዘንበል እያለ ነው። ቶሎ እንመለስ፣ ቶሎ እንመለስ እያልኩ በልቤ እጸልያለሁ።

ጋሼ አበራ ግን ሜዳው ላይ፣ ጠጠሩ ያለበት ቦታ፣ አስቆመን። "አሁን ዝም ብላችሁ ዙሪያውን እዩ። ያያችሁትን ሳይሆን ለምን እንደሆነ ንገሩኝ" አለን።

ያኔ ከደንገሉ በላይ አሞራዎቹ ተነሱ። እንደ ሁልጊዜው ክብ ሠሩ። መዞር ጀመሩ።

"እዚያ!" አለ ጋሼ አበራ በእጁ እያሳየ፣ ፊቱ በርቶ። "አባ ኮዳዎቹን አያችሁ? ገበያው እዚህ ነው፣ እነሱ ግን እዚያ ማንም የሌለበት ደንገል ላይ ተሰብስበዋል። ለምን? ማን ይነግረኛል?"

ከማንም በፊት እጄን አወጣሁ። "የሞተ ጉማሬ ነው!"

"ጥሩ ሞክረሻል፣ አስቴር። ግን ነፋሱ ከዚያ ወደ እኛ ነው። የሞተ ጉማሬ ቢሆን ይሸተን ነበር። ሌላስ?"

"ጎጆ ይሆናል፣ ጋሼ! እንቁላል ጥለው ይሆናል!" አልኩ፤ ማንም ሳይጠራኝ።

"አባ ኮዳ ዛፍ ላይ ነው ጎጆ የሚሠራው። ለሌሎችም ዕድል ስጪ። ስንዱ?"

ስንዱ የሊቀመንበሩ ልጅ ናት፤ ብስክሌት የሚነዳው ልጅ እህት። ከክፍላችን አንደኛ የምትወጣ ልጅ ነበረች። ቀስ ብላ፣ እያሰበች፣ "ጋሼ፣ ዓሣ የሚያጸዳ ሰው ይኖራል" አለች። "ሰው ዓሣ ሲያጸዳ ነው እንደዚያ አንድ በአንድ የሚወርዱት።"

"እጅግ በጣም ጥሩ! ያየች፣ ያሰበች፣ የመለሰች! አጨብጭቡላት!"

ክፍሉ አጨበጨበ።

ስንዱ ጥፋት የለባትም። ይህን ለማንም እናገራለሁ፤ ሰው ቢቆጣኝም እናገራለሁ። የአባቷንና የወንድሟን ነገር አታውቅም ነበር፤ የተጠየቀችውን ነው የመለሰችው። ትክክልም ነበረች። ለዚያ ነው ማጨብጨብ ያልቻልኩት።

"አስቴር፣ ለምን አታጨበጭቢም?" አለ ጋሼ አበራ።

"አላጨበጭብም።"

"ስለበለጠችሽ ነው? ምቀኝነት ጥሩ አይደለም።"

"ትክክል አይደለችም! እዚያ ማንም የለም!"

"አስቴር።"

"ማንም የለም! አላጨበጭብም!"

ጋሼ አበራ ልጅ የቀጣው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። "እንግዲያው ተንበርከኪና በደንብ አስቢበት" አለኝ። ጠጠሩ ላይ ተንበረከክሁ። ፊቴ ወደ ሐይቁ ነበር። ዞር ማለት ክልክል ነው። ስለዚህ ሁሉንም አየሁ። ላቀው አሞራዎቹን ቆሞ ሲያይ አየሁ። ጠመንጃውን ከትከሻው ሲያወርድ አየሁ። በቄጠማው በኩል፣ እኔ ማጭዴን ይዤ በምገባበት መንገድ ሲገባ አየሁ። ደንገሉ እየተነቃነቀ፣ ንቅናቄው ወደ ውስጥ እየገባ ሲሄድ አየሁ። ጉማሬዎቹን "ጋሼ፣ እትዬ" እያልኩ በሹክሹክታ ለመንኳቸው። ጆሯቸውን አራግፈው ውኃ ውስጥ ገቡ።

ከዚያ አሞራዎቹ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተነሱ።

ማቴ ሲወጣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። እጁ ላይ ገና ቅርፊት አለ። አልሮጠም፤ ላቀው ከኋላው ነው። ጋሼ አበራ መጀመሪያ አልገባውም ነበር፤ ሲገባው እጁን ራሱ ላይ አደረገ። ማቴ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆመ።

"አስቱ፣ ምን አጥፍተሽ ነው የተንበረከክሽው?"

"አላጨበጭብም ብዬ።"

ለምን እንደሚጨበጨብ አልጠየቀኝም። ጭቃማ እጁን ራሴ ላይ አደረገ። "ደግ አደረግሽ" አለኝ። ከዚያ ላቀው "እንሂድ፣ ወንድሜ" አለው። ሄዱ።

እናቴ ያን ምሽት ቀበሌው በር ላይ ቆመች፤ አላስገቧትም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ በኩል ዞርኩ። መኪናው የለም። ዶሮዎቹ ባዶው ቦታ ላይ ይጭራሉ። የጎደለው አንድ ሰው ሞልቶ ኖሯል። ማቴ አንድ ቀን ቢቆይ ኖሮ ላቀው ነበር የሚሄደው፤ ያም ደግሞ ትክክል አይሆንም ነበር። ብስክሌቱ ግን በመንገዱ ላይ አለፈኝ፤ ደወሉን እያሰማ።

ጴጥሮስም ማቴም አልተመለሱም። ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም፤ ማንም የነገረን የለም።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን አሞራዎቹ በልማዳቸው ከሰዓት በኋላ ደንገሉ ላይ ይመጡ ነበር። ይዞራሉ፣ ይወርዳሉ፣ የሚጣልላቸው ሲያጡ ይሄዳሉ። እናቴ ከግቢው ስታያቸው ፊቷ ይለወጣል። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ትቆማለች። እኔ "እማ፣ እሱ የለም እኮ" ማለት ፈራሁ። ከዚያ መምጣታቸውን አቆሙ። ፋሲካ ሆነ፤ ከደንገሉ በላይ ያለው ሰማይ ባዶ ሆነ። እናቴ ያን ባዶ ሰማይ እያየች ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም።

በአራተኛው ቀን አንድ አሮጌ ጣሳ ይዛ "ነዪ" አለችኝ። አሞራ ገደል ወረድን። ዓሣ ከሚያጸዱት ሰዎች ሆድቃ ለምና ጣሳውን ሞላችው። ሰዎቹ ማን እንደሆነች ያውቃሉ፤ ዓይኗን አላዩአትም። ከዚያ በጉማሬው መንገድ ገባን። እሷ እዚያ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። የማቴ የደንገል አልጋ ተደርምሶ ውኃ ውስጥ ገብቷል። እናቴ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ነካችው፤ ከዚያ ሆድቃውን ማቴ ይጥልበት የነበረው ቦታ ላይ ደፋችውና "ቶሎ፣ ቶሎ" እያለች እጄን ይዛኝ እየሮጠች ወደ ቤት ተመለሰች።

ግቢያችን ስንደርስ ትንፋሿ እያጠረ በሩ ላይ ተቀመጠች። እኔም ከአጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እማ፣ እኛ እኮ ነን የጣልነው" አልኳት።

"ዝም በይ። እዪ።"

ከገበያው በኩል አንድ መጣ። ከዚያ ሌላ። ከደንገሉ በላይ ክብ ሠርተው መዞር ጀመሩ። አንድ በአንድ ወረዱ። በመጨረሻ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ የሚበር ከሁሉም ኋላ ደረሰ፤ እሱም ወረደ።

እናቴ እጇን ከግንባሯ ላይ አወረደች።

"ዛሬም በልቷል" አለች። ከዚያ ቂጣውን ቆረሰች።